መምህር የተባሉት መሐንዲስ፤ የማሕሙድ መሐመድ ጣሃ ሕይወትና ፍርድ

ኡስታዝ የሚለው የዐረብኛ ቃል በሱዳን ሕዝብ ዘንድ ለመምህር የሚሰጥ የክብር ስም ነው። የማሕሙድ መሐመድ ጣሃ ሞያ ምሕንድስና እንጂ ማስተማር አልነበረም፤ ሆኖም ወዳጆቻቸውም ባላጋራዎቻቸውም ስማቸውን ሲያነሡ ኡስታዝ ማሕሙድ ማለት ልማዳቸው ነው። እኒህ ሰው ጃንዋሪ 18 ቀን 1985 ዓርብ ጠዋት በካርቱም ሰሜን በሚገኘው በኮበር ወኅኒ ቤት በስቅላት ተቀጡ። ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር ጥር 10 ቀን 1977 ዓ.ም. የከተራ በዓል ነበረ፤ በኢትዮጵያ ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት በሚወርዱበት ቀን በጎረቤት አገር አንድ ሽማግሌ ስለ እምነታቸው ወደ መስቀያ ወጡ። ታሪካቸው በዚህ የመምህራን መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚገባው፥ ሰውን ወደ እምነት የሚያደርሰው ትምህርት ነው ወይስ ግዳጅ የሚለው ጥያቄ የሕይወታቸው ዋና ነገር ስለ ነበረ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማሕሙድ በ1909 ገደማ ሩፋዓ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሩፋዓ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጎጃም ተነሥቶ የሚወርደው ውሃ በበሯ ያልፋል። ለትምህርት ሰዎች ግን ሌላ ስም አላት። ባቢክር በድሪ የተባሉት ሱዳናዊ መምህር የእንግሊዝ ሹማምንት እያመነቱ፥ ጎረቤቶቻቸውም እየተደነቁ፥ ከቤታቸው ልጆች ጀምረው የሴቶች ትምህርት ቤት በ1907 የከፈቱት በዚችው ከተማ ነው። ስለዚህ ማሕሙድ ባደጉበት ስፍራ የሴት ልጅ መማር እንግዳ ወሬ አልነበረም፤ ይህም በኋላ ዘመናቸው ያደረጉትን ለመረዳት ይጠቅማል። እናትና አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞተውባቸው በዘመድ እጅ አደጉ።

በ1932 ካርቱም ወደሚገኘው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ገብተው በ1936 በምሕንድስና ተመረቁ። ኮሌጁ እንግሊዞች የመሐዲን መንግሥት ካፈረሱ በኋላ በ1902 የከፈቱት ሲሆን፥ ስሙንም ያገኘው በ1885 በመሐዲ ሠራዊት ካርቱም ላይ ከተገደለው ከእንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ነው። የተቋቋመበት ምክንያት ለቅኝ አገዛዙ ጸሐፊዎችንና የእጅ ሞያ ዐዋቂዎችን ለማዘጋጀት ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ያስተማሪውን ሐሳብ ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ነገር አይደለምና፥ በኋላ የሱዳንን ነጻነት የጠየቁት ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያው ግቢ ወጡ። ማሕሙድም ለጥቂት ዓመታት በሱዳን ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት፥ የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በአትባራ ከሠሩ በኋላ በ1941 ሥራቸውን ለቀው በግላቸው መሥራት ጀመሩ።

በዚያ ጊዜ የሱዳን ፖለቲካ በሁለት ታላላቅ የሃይማኖት ቤቶች ጥላ ሥር ነበር። አንደኛው የመሐዲ ልጅ የሚመሩት የአንሷር ወገን ሲሆን፥ ሁለተኛው ከግብፅ ጋር መዋሐድን የሚደግፈው የኸትሚያ ጠሪቃ ወገን ነው። የተማረው ወጣት ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መጠጊያ ሲያደርግ፥ ማሕሙድና ጥቂት ጓደኞቻቸው በኦክቶበር 1945 የሪፑብሊካን ፓርቲን አቋቋሙ። ከእንግሊዝም ከግብፅም ተለይታ፥ ንጉሥም ኢማምም ሳይነግሥባት በሕዝብ የምትተዳደር ሱዳን እንድትቆም ጠየቁ። የፓርቲው አባሎች እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ። በ1946 ማሕሙድ በጽሑፍ የአገዛዙን ሥራ በመንቀፋቸው ተይዘው ለመልካም ጠባይ ዋስትና እንዲፈርሙ ቢጠየቁ እንቢ ብለው ወኅኒ ገቡ፤ ከ50 ቀን በኋላም ተለቀቁ።

በዚያው ዓመት የሆነው ሁለተኛው ነገር ግን ለዛሬው አንባቢ የሚያስቸግር ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር የፈርዖን ግርዛት የሚባለውን ከባድ የሴት ልጅ ግርዛት የሚከለክል ሕግ አወጣ። በሩፋዓ አንዲት እናት ልጇን አስገርዘሻል ተብላ ታሰረች። ማሕሙድ በመስጊድ ተነሥተው ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ ሕዝቡም ወደ እስር ቤቱ ሄዶ ሴትየዋን አስፈታ። ስለዚህም ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ግርዛቱ መልካም ነው ብለው አልተከራከሩም፤ የተከራከሩት፥ ልማድ በትምህርት እንጂ በወኅኒ አይሻርም፥ ባዕድ ገዥም የአገሬውን እናት በማዋረድ ሥልጣኔን አያስተምርም በማለት ነው። የክርክሩ የመጀመሪያ ክፍል እውነትነት አለው። ነገር ግን ትምህርቱ እስኪደርስ ድረስ በምላጭ ሥር የምትወድቀው ሕፃን ማን ይከላከልላት የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ በዚህ ጉዳይ ኡስታዙን ከነቀፌታ ነጻ ማድረግ አይቻልም።

ወኅኒው ግን ሌላ ሰው አድርጎ አወጣቸው። በእስር ቤት ረጅም ጾምና ጸሎት ጀመሩ፤ በ1948 ሲፈቱም ወደ ፖለቲካው ስብሰባ አልተመለሱም። በሩፋዓ ቤታቸው ዘግተው እንደ ጥንት ሱፊዎች በኸልዋ፥ ማለት በብቸኝነት ሱባዔ፥ እስከ 1951 ድረስ ተቀመጡ። የገዳማውያንን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ከዚያ ሱባዔ የወጡት ሰው ይዘውት የመጡት ትምህርት ነው።

ትምህርታቸውን በሰፊው የገለጹት በ1967 በታተመው የእስልምና ሁለተኛው መልእክት በተባለው መጽሐፋቸው ነው። ቁርኣን ከሁለት ዘመናት የተሰበሰበ መሆኑን ሁሉም የእስልምና ሊቃውንት ይስማሙበታል። ነቢዩ መሐመድ በመካ ሳሉ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በ622 ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ግን የአንድ ማኅበር መሪ፥ ዳኛና የጦር አዛዥ ሆነዋል። በመካ የወረዱት አንቀጾች የሰውን ልጅ ሁሉ የሚጠሩ፥ በማስረዳት የሚያምኑ፥ በእምነት ማስገደድን የማያውቁ ናቸው፤ በመዲና የወረዱት ግን ስለ ጦርነት፥ ስለ ውርስ፥ ስለ ጋብቻና ስለ ቅጣት ይደነግጋሉ። ብዙዎቹ ሊቃውንት የኋለኛው የፊተኛውን ሽሯል ሲሉ ኖረዋል። ማሕሙድ ነገሩን ገለበጡት። በእርሳቸው አስተያየት የሃይማኖቱ ዋና መሠረት የመካው ቃል ነው፤ የመዲናው ሕግ የሰባተኛው ምእተ ዓመት ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን የተሰጠ፥ ለጊዜው የሚያገለግል ነበር። የሃያኛው ምእተ ዓመት ሰው ለአካለ መጠን ስለ ደረሰ ወደ መጀመሪያው ቃል መመለስ ይገባዋል፤ ስለዚህም ወንድና ሴት፥ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ በአንድ አገር በእኩል መብት ሊኖሩ ይገባል ብለው አስተማሩ።

እዚህ ላይ ከእኛ ታሪክ አንድ ነገር ትዝ ይላል። በ615 ገደማ ከቍረይሽ አሳዳጆቻቸው ሸሽተው አክሱም የገቡትና ከሐበሻው ንጉሥ ጥገኝነት ያገኙት የነቢዩ ተከታዮች የመጡት በዚያው በመካው ዘመን ነው። በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል የመጀመሪያው መገናኘት የተደረገው ማሕሙድ እንደ ሃይማኖቱ ዋና መሠረት በቆጠሩት ጊዜ፥ አንደኛው ወገን እንግዳ ሌላው አስተናጋጅ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ማሕሙድን መንግሥትንና ሃይማኖትን የሚለዩ ዓለማዊ ሰው አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሃይማኖት ከሕዝብ ኑሮ ይውጣ አላሉም፤ ይልቁንም መልካም መንግሥት ሁሉ ሥሩ በእስልምና ውስጥ እንዳለ ያምኑ ነበር። ከዚህም በላይ፥ ሰው በአምልኮ እየጠለቀ ሲሄድ ከእግዚአብሔር ለብቻው የሚቀበለው ሥርዐት ወደሚያገኝበት ማዕረግ ሊደርስ ይችላል የሚል ረቂቅ ትምህርት ነበራቸው። ባላጋራዎቻቸውም ከሌላው ሕዝብ ጋር የጋራውን ሰላት ትተዋል እያሉ ይከሷቸው የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ተራው ምእመን በዚህ ቢደናገጥ ሊፈረድበት አይገባም። እርሳቸው ባሰቡት መንግሥት ውስጥ የትኛው ትርጓሜ ትክክል እንደሆነ ማን ይወስን እንደ ነበረም ከመጽሐፎቻቸው በግልጽ ማግኘት ያስቸግራል። ልዩነታቸው ሌላ ነው፤ ሐሳባቸውን ለማስፋፋት ከመጽሐፍና ከክርክር በቀር ሌላ መሣሪያ አልያዙም።

የካርቱምን አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ሦስት ከተሞች መሆኗን መናገር ያስፈልጋል። ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲ ያሉባት ካርቱም፥ ከዓባይ ማዶ ፋብሪካዎችና የኮበር ወኅኒ ያሉባት ካርቱም ሰሜን፥ በስተምዕራብም የመሐዲ መቃብር ያለባት የአገሬው አሮጌ ከተማ ኦምዱርማን ናቸው። በካርቱም ከባቡር ሐዲዱ በስተደቡብ እንደ ካርቱም ሁለት ያሉ፥ መንገዳቸው ቀጥ ብሎ የተቀየሰ፥ የደህና ኑሮ ሰዎች የሚቀመጡባቸው ሰፈሮች ተሠርተው ነበር። የማሕሙድ ትምህርትና ሞያ የነበራቸው ሰዎች ቤት የሚሠሩት በእንደዚህ ያለው ሰፈር ነው። ማሕሙድ ግን ኦምዱርማን ውስጥ በሠውራ ሰፈር፥ ከጭቃ በተሠራ ቤት ይኖሩ ነበር። ሥጋ አይበሉም፤ ልብሳቸው ተራ ነጭ ጥጥ ነበር። ከቀትር በኋላና ማታ ማታ ተማሪው፥ የመንግሥት ሠራተኛው፥ መምህሩ ወደዚያ ቤት እየሄደ ይጠይቃል፥ ይከራከራል። ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነበር።

ተከታዮቻቸው ሪፑብሊካን ወንድሞችና እኅቶች ተባሉ። እኅቶች የሚለው ቃል ለይስሙላ የተጨመረ አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓመታት በነጭ የሱዳን ቶብ የተሸፈኑ ወጣት ሴቶች በካርቱም መንገዶች ቆመው የኡስታዙን መጻሕፍት ይሸጡ፥ በሕዝብ ፊት ቆመው ይናገሩ፥ ከሼኮች ጋር ይከራከሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ በብዙ ቤት ነውር ነበር። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች በክብ ቆመው የሚወያዩበት የክርክር ማዕዘን የሚባለው ልማድ እንዲጠነክር ብዙ ደክመዋል። ጋብቻም እንዲቀል አደረጉ፤ ሰርጉ ያለ ድግስ፥ ጥሎሹ አንድ የሱዳን ፓውንድ ብቻ ሆኖ፥ ሚስትም እንደ ባልዋ የመፍታት መብት በውሉ እንዲጻፍላት ይደረግ ነበር። ለሰርግ ሲባል ዕዳ የገባ ደመወዝተኛ ሁሉ የዚህን ጥቅም ሳይገለጽለት ያውቀዋል።

ከሱዳን ነጻነት በኋላ ሃይማኖትን ለፖለቲካ ማዋል እየበረታ ሄደ። በኖቬምበር 1965 በኦምዱርማን በከፍተኛው የመምህራን ማሠልጠኛ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ተማሪ ስለ ነቢዩ ቤተ ሰብ ክብረ ነክ ቃል ተናገረ ተብሎ ሁከት ተነሣ። በዚህ ሰበብ ምክር ቤቱ የኮሙኒስት ፓርቲን በሕግ አገደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ቢፈርድም መንግሥት ፍርዱን አልፈጸመም። ማሕሙድ ኮሙኒስት አልነበሩም፤ ትምህርቱንም ይነቅፉ ነበር። ሆኖም በዚህ እገዳ ላይ ተነሥተው ተከራከሩ፤ ዛሬ በአንዱ የተዘጋው በር ነገ በሌላው ላይ እንደሚዘጋ አስጠነቀቁ።

በሩም ሳይዘገይ በእርሳቸው ላይ ተዘጋ። ምክር ቤቱ እስላማዊ ሕገ መንግሥት ለማውጣት በሚያዘጋጅበት ሰዓት ሁለት የሃይማኖት ሊቃውንት ማሕሙድን በክሕደት ከሰሱ። በካርቱም ያለው የሸሪዓ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 18 ቀን 1968 እርሳቸው በሌሉበት ከሃዲ ናቸው ብሎ ፈረደ። የዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ስለ ጋብቻ፥ ስለ ፍቺና ስለ ውርስ ብቻ ስለ ነበረ ማሕሙድ መጥሪያውን ከምንም ሳይቆጥሩት ቀሩ፤ ፍርዱም ወረቀት ሆኖ ተቀመጠ። ግን ወረቀት በመዝገብ ቤት ሲቀመጥ ጊዜውን የሚጠብቅ ነገር መሆኑ በኋላ ታየ።

በሜይ 1969 ኮሎኔል ጃእፋር ኑሜሪ በወታደር ኀይል ሥልጣን ያዙ። ማሕሙድና ተከታዮቻቸው መንግሥቱን ደገፉ። የድጋፋቸው ምክንያት አዲሱ መንግሥት የሁለቱን የሃይማኖት ቤቶች ኀይል መስበሩና የእስላማዊውን ሕገ መንግሥት ዝግጅት ማቋረጡ ነበር፤ በ1972 በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥቱ አማካይነት የተፈረመውና የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ለአሥር ዓመት ያህል ያቆመው ስምምነትም አስደስቷቸዋል። ማሕሙድ ገና በ1955 ባሳተሙት ስለ ሱዳን ሕገ መንግሥት መሠረት በሚናገር መጽሐፍ ሱዳን በፌዴራል ሥርዐት እንድትተዳደር ጠይቀው ነበርና። ቢሆንም ኑሜሪ በ1973 በአደባባይ እንዳይናገሩ ከለከሏቸው። ስለ ሰው ነጻነት የሚያስተምሩ ሰው አንድ ፓርቲ ብቻ የሚፈቅድን የወታደር መንግሥት ይህን ያህል ዘመን መደገፋቸው ከሕይወታቸው ምዕራፎች ሁሉ ለመከላከል የሚያስቸግረው ነው።

ኑሜሪ ግን ተለወጡ። ከቀድሞ ጠላቶቻቸው ከሐሰን አል ቱራቢና ከሙስሊም ወንድማማቾች ጋር ታርቀው፥ የአዲስ አበባውን ስምምነት በ1983 አፈረሱ፤ በሴፕቴምበር ወር ደግሞ የሸሪዓ ቅጣት ሕጎችን በድንገት ዐወጁ። እጅ መቍረጥና በአደባባይ መግረፍ ተጀመረ። ድርቅና ረሃብ በአገሩ ላይ እየገባ ሳለ ቅጣቱ ያረፈው ባብዛኛው በድኻው ላይ ነበር፤ በደቡብም ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ማሕሙድ ሕጎቹ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥቱን የጸጥታ ሹም በመንቀፋቸው ከሃምሳ ያህል ተከታዮቻቸው ጋር ያለ ክስ ታስረው ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ወር በኋላ ዲሴምበር 19 ቀን 1984 ተፈቱ።

ከተፈቱ ሳምንት ሳይሞላ፥ ዲሴምበር 25 ቀን፥ አንዲት ገጽ ወረቀት አሳተሙ። ርእሷ ወይ ይህ ወይ የጥፋት ውሃ የሚል ነበር። የሴፕቴምበር ሕጎች እስልምናን ያጐደፉና ሕዝቡን ያዋረዱ ስለ ሆኑ እንዲሻሩ፥ የደቡቡ ደም መፍሰስ ቆሞ በሰላም እንዲነጋገሩ፥ ሕዝቡም ሃይማኖቱን በነጻነት ተወያይቶ እንዲያውቅ ዕድል እንዲሰጠው ጠየቀች። የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ወረቀቷን ሲያድሉ የተገኙ አራት ተከታዮቻቸው ተያዙ፤ ኡስታዙም ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ታሰሩ።

የክሱ ነገር ጃንዋሪ 7 ቀን በኦምዱርማን በአንድ ዳኛ ፊት ተሰማ። ማሕሙድ መከራከሪያ አላቀረቡም። ዳኞቹ በሞያቸው ያልበቁ፥ በሥነ ምግባራቸውም ደካሞች ሆነው ሥልጣናቸውን ለገዥው መሣሪያ አድርገዋልና ከእንደዚህ ያለው ፍርድ ቤት ጋር እንደማይተባበሩ በጥቂት ቃል ተናግረው ዝም አሉ። በማግሥቱ በአምስቱም ላይ የሞት ፍርድ ተሰጠ፤ ከሐሳባቸው ቢመለሱ ግን እንደሚተርፉ ተነገራቸው።

የሕግ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተከሰሱት ጸጥታን በማደፍረስና በመንግሥት ላይ በመነሣት ነበር እንጂ በክሕደት አልነበረም፤ የ1983ቱ የቅጣት ሕግም ስለ ክሕደት የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ጃንዋሪ 15 ቀን ፍርዱን ሲያጸና ያልተከሰሱበትን ክሕደት ጨመረበት። የ1968ቱን ወረቀት ከመዝገብ አውጥቶ እንደ ማስረጃ ያዘው፤ ለማሕሙድም የመመለስ ዕድል ነፈጋቸው። ኑሜሪ ጃንዋሪ 17 ቀን ፍርዱን አጽንተው ለአራቱ ተከታዮች ሦስት ቀን ጊዜ ሰጧቸው።

በማግሥቱ ዓርብ በኮበር ግቢ ብዙ መቶ ሰው ተሰበሰበ። የሰባ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌ እጃቸው ታስሮ፥ ፊታቸው ተሸፍኖ የመስቀያውን ደረጃ ወጡ። መሸፈኛው ለጥቂት ጊዜ ሲነሣ ሕዝቡን እያዩ ፈገግ ማለታቸውን በስፍራው የነበሩ መስክረዋል። ሬሳቸው በሄሊኮፕተር ተጭኖ ወደ በረሓ ተወሰደ፤ የተቀበሩበት ስፍራ ለቤተ ሰባቸው አልተነገረም።

አራቱ ተከታዮች መምህራቸው በተሰቀሉ በማግሥቱ በሊቃውንት ፊት ቀርበው ትምህርቱን ክደናል አሉ፤ ይህም በቴሌቪዥን ለሕዝቡ ታየ። ብዙ ሰዎች በዚህ ይነቅፏቸዋል። በሀገራችን በዐሥራ አምስተኛው ምእተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት የቀረቡት ደቂቀ እስጢፋኖስ እየተሠቃዩ ባለመመለሳቸው ይነሣሉና፥ ሰው በዚያ ሚዛን ሊመዝናቸው ይሻል። ዳሩ ግን ኡስታዙ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት በገመድ ፊት የሚሰጥ ቃል የእምነት ቃል አለመሆኑን ነው። አራቱ ሰዎች በዚያ ቀን የተናገሩት መምህራቸው ትክክል ስለ ነበሩ ምንም ዋጋ የለውም። ለዚህም ማስረጃው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ኑሜሪ ከስቅላቱ በኋላ ሦስት ወር አልቆዩም። በደመወዝተኞችና በባለ ሞያዎች ማኅበራት የሥራ ማቆም አድማ ሕዝቡ ተነሥቶ፥ ኤፕሪል 6 ቀን 1985 ሠራዊቱ ከሥልጣን አወረዳቸው። የኡስታዙ ልጅ አስማ ማሕሙድና ከአራቱ ተከታዮች አንዱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። በቴሌቪዥን ክጃለሁ ያለው ሰው በስሙ ፈርሞ የመምህሩ ፍርድ እንዲሻር ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤቱም ነገሩ ሥርዐት የጎደለው፥ ያልተከሰሱበትም ጥፋት የተፈረደበት መሆኑን አመልክቶ ፍርዱን ሻረ። የተሻረበት ቀን ኖቬምበር 18 ቀን 1986 ነው፤ ያ የመጀመሪያው የክሕደት ፍርድ ከተሰጠ ልክ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1987 ደግሞ ተከታያቸው የሕግ መምህሩ አብዱላሂ አን ናኢም ዋናውን መጽሐፋቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በአሜሪካ አሳተሙ።

የተሻረው ፍርድ ግን እንደገና ሕግ ሆነ። በ1989 በወታደር ኀይል ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ዑመር አል በሽር መንግሥት በ1991 ባወጣው የቅጣት ሕግ ክሕደትን በ126ኛው አንቀጽ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ጻፈው። በ2014 ካርቱም ውስጥ፥ እናትዋ ኢትዮጵያዊት በክርስትና ያሳደገቻት አንዲት ሐኪም በዚሁ አንቀጽ ሞት ተፈርዶባት፥ ወኅኒ ውስጥ ልጅ ከወለደች በኋላ በይግባኝ ነጻ ወጣች። አልበሽር በ2019 ወደቁ። በጁላይ 2020 የሽግግሩ መንግሥት ባወጣው አንድ የማሻሻያ ሕግ የክሕደት ቅጣት ተሰረዘ፤ በዚያው ሕግ የሴት ልጅ ግርዛት ወንጀል ሆነ። ማሕሙድ በ1946 የታሰሩበትና በ1985 የተሰቀሉበት ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ሕጉን ያወጡት ሱዳናውያን ራሳቸው ነበሩ።

ከሁለት ወር በኋላ፥ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2020፥ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክና የኑባ ተራሮች ተዋጊዎች መሪ አብዱልአዚዝ አል ሒሉ መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ የሚል የመርሕ ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። በኦክቶበር 2021 የሽግግሩ መንግሥት በሠራዊቱ ተገለበጠ፤ በኤፕሪል 2023 በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ። የካርቱም ሁለት ሰፊ መንገዶችም የጦር ሜዳ ሆኑ፤ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳናውያን ጋር በመተማ በኩል ወደ ሀገራቸው ገቡ። ሪፑብሊካን ወንድሞችና እኅቶች ቀደም ብለው በግብፅ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ተበትነው ነበር። የኡስታዙን መጻሕፍት ሰብስበው በኢንተርኔት አውጥተዋቸዋል፤ ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያነባቸው ይችላል።